ማደንዘዣውና ጠባቂው፤ በሐርጌሳ ስለሚደረገው የሴቶች ቀዶ ጥገና

በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ስላሉት ወደቦች በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። የበርበራ ወደብ በ2016 ዓ.ም. ለዱባዩ ዲ ፒ ወርልድ ኩባንያ በውል ከተሰጠ ወዲህማ፥ ስለ መርከቡ ርዝመትና ስለ ኮንቴይነሩ ብዛት የማይናገር ነጋዴ የለም። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ጉዳይ ግን በዚያው ወደብ ገብቶ፥ በዚያው መንገድ ወደ ሐርጌሳ ስለሚወጣ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ሊዶካይን የተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት ሲሆን፥ ጠርሙሱ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ነው። በዚህ ጠርሙስ አማካይነት ብዙ ሴቶች ከአሮጌ ጕዳት ሊድኑ ይችላሉ፤ በዚሁ ጠርሙስ ሽፋንነት ደግሞ አዲስ ጕዳት ሊፈጸም ይችላል። ነገሩም ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው አስተዳዳሪ፥ ዕቃውን የሚያስመጣው ነጋዴ ስለ ሆነ፥ ሁለቱንም ይመለከታቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

መሐመድ ሞጌ ከሐርጌሳ ከተማ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ስሙም የዘፋኙና የታጋዩ የመሐመድ ሞጌ ሊባን መታሰቢያ ነው። ሐርጌሳ በ1988 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመድፍ በተደበደበች ጊዜ፥ ከሕዝቧ እጅግ ብዙው ድንበሩን ተሻግሮ በጅጅጋ አጠገብ በሐርተሼክ ሰፍሮ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከ1991 ወዲህ ከተማዪቱ እንደ ገና ስትሠራ፥ ሐኪም ቤቶቿና የአዋላጆች ማሠልጠኛዎቿ ከፍርስራሽ ላይ ተነሥተው የቆሙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በውጭ አገር ስሙ የታወቀው በወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤል የተቋቋመውና በመጋቢት ወር 2002 ዓ.ም. የተከፈተው የወላዶች ሆስፒታል ነው። ወይዘሮ ኤድና የሐኪም ልጅ፥ ራሳቸውም በእንግሊዝ አገር የተማሩ አዋላጅ ሲሆኑ፥ ስለ ሴቶች ግርዛት በአደባባይ መናገር የጀመሩት ገና በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ቃል በጉባኤ ላይ ማንሣት እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፥ ድፍረታቸው ቀላል አልነበረም።

የነገሩ ስፋት በቍጥር ይታወቃል። በ2020 ዓ.ም. የወጣው የሶማሌላንድ የጤናና የሕዝብ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች ውስጥ ከመቶ 98ቱ የተገረዙ መሆናቸውን አስታወቀ። በእኛም አገር ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፥ በመላ ኢትዮጵያ ከመቶ 65 ሴቶች የተገረዙ ሲሆኑ፥ በሶማሌ ክልል ቍጥሩ ከመቶ 99 ይደርሳል፤ በዚያው ክልል ከተገረዙት ውስጥ ከመቶ 73ቱ የተሰፉ ናቸው። መስፋት ማለት የፈርዖን ግርዛት የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሥጋው ከተቈረጠ በኋላ ግራና ቀኙ ተገጥሞ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲቀር የሚደረግበት ዐይነት ነው። በዚህ ቀዳዳ ሽንትም የወር አበባም ይወጣሉ፤ ጋብቻና መውለድም በዚሁ በኩል ነው። እንግዲህ ከዋጃሌ ወዲያም ሆነ ወዲህ ሕዝቡ አንድ፥ ሕመሙም አንድ ስለ ሆነ፥ በሐርጌሳ የሚደረገውን ማወቅ ለጅጅጋና ለጎዴ ባለ ሥልጣኖችም ይጠቅማል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ የተሰፋች ሴት ከመውለዷ በፊት ወይም በምጥ ጊዜ ስፌቱ እንዲከፈትላት መከረ፤ ሽንት ለመሽናት የምትቸገረውም እንዲሁ እንድትታከም አመለከተ። የእንግሊዝ አገር የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ከዚያ በፊት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ይህ ሥራ በሥፍራ ማደንዘዣ፥ ሕመምተኛዋ አልጋ ሳትይዝ ሊከናወን እንደሚችል ገልጿል። የሥራው አኳኋን ይህ ነው። ከመቶ 1 የሆነው ሊዶካይን በጠባሳው መሥመር ላይ በቀጭን መርፌ ይረጫል፤ መርፌው ከደም ሥር አለመግባቱን ለማወቅ በየጊዜው ወደ ኋላ ይሳባል። ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ጣት ወይም መቈንጠጫ ከጠባሳው በስተ ኋላ ይገባና፥ የሽንት ቧንቧው እንዳይነካ ተጠብቆ፥ መካከሉ በመቀስ ይከፈታል። የተከፈቱት ጠርዞች እንደ ገና እንዳይጣበቁ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው በሚሟሟ ክር ይሰፋሉ። ብልህ እጅ ያላት አዋላጅ ይህን በአጭር ጊዜ ትፈጽመዋለች፤ ሴቲቱም በዚያው ቀን በእግሯ ትሄዳለች።

ይህ መድኃኒት አዲስ አይደለም። በ1884 ዓ.ም. ካርል ኮለር የተባለው የቪየና ሐኪም ዐይንን በኮካይን ጠብታ አደንዝዞ ቀዶ ጥገና እንዲደረግ ካሳየ ወዲህ፥ ሰውን ሳያስተኙ አንድን አካል ብቻ ማደንዘዝ የታወቀ ጥበብ ሆነ። ሊዶካይንን በ1943 ዓ.ም. ያገኙት ስዊድናውያን ሲሆኑ፥ አስትራ የተባለው ኩባንያ በ1948 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ይህን መድኃኒት የማያውቅ የጥርስ ሐኪም በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ በመሐመድ ሞጌ ወይም እርሱን በሚመስል የከተማ ክፍል ባለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያግደው የመድኃኒቱ ዋጋ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ነገሩን ሳይመረምር የተናገረ ይመስለናል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይህች ሴት የአምስት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፥ እጅና እግሯ ተይዞ፥ ያለ ምንም ማደንዘዣ በምላጭ የተቈረጠች ናት። ዛሬ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በዚያው አካሏ ላይ ስለት ሲቀርብ፥ ሥጋዋ ቢደነዝዝ ልቧ አይደነዝዝም። የጓንትና የመቀስ ድምፅ፥ እግርን ለያይቶ መተኛት፥ በላይዋ የሚያጐነብስ ሰው ፊት፥ ይህ ሁሉ ያንን ቀን ይመልስባታል። ሕመም የማይሰማት ሆና ሳለ የምትጮኽ፥ ከአልጋው ላይ ለመውረድ የምትታገል ሴት ብትኖር፥ ባለሞያው ሊገሥጻት አይገባም። ማስታወስም እንደ ቍስል የሚያም ነገር ነውና። የእንግሊዙ መመሪያም ለእንደዚህ ያሉት የሥፍራው ማደንዘዣ ብቻውን ላይበቃ እንደሚችል ማመልከቱ ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ማረጋጊያ የሚባለው መድኃኒት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ብንናገር አንባቢ ይቅር ይበለን፤ ወረቀት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማገላበጥ የዕለት ሥራችን ስለ ሆነ ነገሩ ያሳስበናል። በአማርኛ ማደንዘዝ የምንለው ሁለት ነገር ይይዛል፤ እጅ በብርድ ሲደነዝዝና ሰው ራሱን ስቶ ሲደነዝዝ ቃሉ አንድ ነው። ሶማሊኛ ግን ለአካል መደንዘዝ ከቡብዮ፥ ራስን ስቶ ለመውደቅ ሱሕዲን እያለ ይለያቸዋል። አንዲት ሴት ልትፈርምበት የቀረበላት ወረቀት ላይ ማደንዘዣ ይሰጥሻል ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፥ ትተኛ እንደ ሆነ፥ ትነቃ እንደ ሆነ፥ የሚናገራትን ሰው ትሰማ እንደ ሆነ ማን ይነግራታል? እንግዲያውስ ሦስቱን መለየት ይሻላል፤ ሥፍራውን ብቻ ማደንዘዝ፥ እያወቁ ማረጋጋት፥ ፈጽሞ ማስተኛት። በወረቀቱ ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደሚደረግ በግልጽ ካልተጻፈ፥ ፊርማው ፈቃድ ሊባል አይገባም።

ወደ ማረጋጊያው እንመለስ። ለዚህ የሚያገለግሉት ዲያዜፓም፥ ሚዳዞላም፥ አንዳንዴም ከእነርሱ ጋር ፔቲዲን ወይም ፌንታኒል ናቸው። በጥቂቱ ሲሰጡ ሰውየው ይረጋጋል፥ ይመልሳል፥ ይሰማል፤ በጥቂት ሲጨመር ያንቀላፋል፤ ከዚያም ሲያልፍ ትንፋሹ ይዘገያል፥ ምላሱም ወደ ኋላ ወድቆ መተንፈሻውን ይዘጋል። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ግንብ የለም። ለአንዲቱ ሴት የሚያረጋጋው መጠን ሌላይቱን ያስተኛል፤ በተለይም ሰውነቷ የመነመነውን፥ ደም ያነሳትን። ስለዚህ ሊዶካይኑን የሚረጨውና ስለቱን የያዘው ሰው፥ ማረጋጊያ የተሰጣትን ሴት ሊጠብቅ አይችልም፤ ዐይኑ በሥራው ላይ ነውና። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ ትንፋሿን፥ የልብ ምቷንና የፊቷን ቀለም መጠበቅ። ዕቃ አያቀብልም፥ ስልክ አያነሣም፥ ጋዝ አይቈርጥም።

የጽሑፋችን ዋና ነገር ይህ ነው። ይህ ቀዶ ጥገና ከትልቁ ሆስፒታል ወደ ትንሹ ጤና ጣቢያ ሊወርድ ይችላል፤ አብሮት ግን ጠባቂው መውረድ አለበት። መድኃኒቱ ወርዶ ጠባቂው ላይ ከቀረ፥ ከመውረዱ በፊት የነበረው ሁኔታ ይሻላል። ጠባቂ በሌለበት ቤት በሊዶካይን ብቻ መሥራት፥ ፈርታ የምትንቀጠቀጠውን ሴት ደግሞ ሁለት ሰው ወዳለበት መላክ ነው የሚሻለው። ይህን ለመወሰን የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም፤ የአስተዳደር ትእዛዝ ይበቃል።

ለጠባቂው ምን ያስፈልገዋል ቢባል ዝርዝሩ ረዥም አይደለም። ኦክሲጅን፥ አምቡ ባግ የሚባለው በእጅ የሚጨመቅ መተንፈሻ፥ የተሰጠውን መድኃኒት የሚያከሽፉት ፍሉማዜኒልና ናሎክሶን፥ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ። ይህን መለኪያ በ1974 ዓ.ም. የፈለሰፈው ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ሲሆን፥ ለድኻ አገሮች እንዲዳረስ ላይፍቦክስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኢትዮጵያም ብዙ ሠርቷል። ሆኖም መሣሪያውን እንደ ጣዖት ማመን አይገባም። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ መለኪያው ኦክሲጅን ያነሰውን ሰው ደኅና ነው ብሎ የሚሳሳተው በጥቍር ሕመምተኞች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ሐርጌሳ ሒና የምትወድ ከተማ ናት፤ ጥቍሩ ሒና በጥፍር ላይ ሲኖር መለኪያው ላያነብ ይችላል። በዚያን ጊዜ የጆሮ ጫፍ ይፈለጋል። የሰው ዐይን በማንኛውም መሣሪያ እንደማይተካ የሚያውቅ ጠባቂ፥ መለኪያው 97 ሲል እንኳ ደረቷ መነሣትና መውረዱን ይመለከታል።

እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያሠለጥነዋል? በ2015 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽን፥ ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 20 የቀዶ ጥገና፥ የማደንዘዣና የማዋለድ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ አለ። ከእኛ አካባቢ ወደዚህ ቍጥር የቀረበ አገር የለም፤ ልዩ ሐኪም እስኪመጣ እንጠብቅ ያለ ደግሞ ብዙ መቃብር ይቈጥራል። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. ሐኪም ያልሆኑ የጤና መኰንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ጥገናና በማዋለድ ማስተማር ጀምራ በየወረዳው ሆስፒታል አሰማራች። ከዚያም በፊት በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ራሷ በፊስቱላ ታምማ የመጣችውና የፊደል ትምህርት ያልነበራት ማሚቱ ጋሼ፥ በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን እጅ ተምራ የተመሰከረላት ቀዳጅ ሆናለች። እጅና ትዕግሥት ካለ ሙያ ይለመዳል። በሐርጌሳም ወይዘሮ ኤድና አንድ ሺሕ አዋላጆች ለማሠልጠን የተነሡት ይህንኑ አምነው ነው። ከዚህ ቍጥር ውስጥ ጥቂቶቹ ለመጠበቅ ብቻ ቢሠለጥኑ፥ ጠባቂ የለም የሚለው ምክንያት በቀላሉ ይወገዳል።

ወሰኑ ግን ይታወቅ። ፊስቱላን መጠገን በሥፍራ ማደንዘዣ የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ ለእርሱ በጀርባ አጥንት መካከል የሚሰጠው ማደንዘዣና ትልቅ ሆስፒታል ያስፈልጋል። በምጥ ላይ ያለች ሴትም ሆዷ ባዶ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚያዘው የስድስት ሰዓት የምግብና የሁለት ሰዓት የውሃ ጾም በእርሷ ዘንድ ሊሆን ስለማይችል፥ ከባድ ማረጋጊያ ተሰጥቷት ብታስታውክ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ለእርሷ ሊዶካይኑና እጇን የምትይዝ ሴት ይበቃሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራው ከምጥ በፊት፥ በእርግዝናው መካከል ወይም ከጋብቻ በፊት ቢደረግ ነው።

ስለ ኬታሚን የሚጠይቁን አንባብያን ይኖራሉ። ይህ መድኃኒት በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራ ሲሆን፥ ትንፋሽን አብዛኛውን ጊዜ ስለማያግድ በጦር ሜዳና በገጠር ሐኪሞች ዘንድ የተወደደ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቻይና በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ዘንድ በጥብቅ ቍጥጥር ሥር እንዲውል ባመለከተች ጊዜ፥ የዓለም የጤና ድርጅት ድኻ አገሮች ቀዶ ጥገና ሊያጡ ይችላሉ ብሎ አልደገፈም፤ ኬታሚኑም በነጻነቱ ቈየ። ለእኛ ጉዳይ ግን አንድ ጕድለት አለበት፤ ከእርሱ የሚነቃ ሰው አንዳንዴ የሚያስፈራ ሕልም ያያል። ከአሮጌ ፍርሃት ለማዳን የታሰበችን ሴት በአዲስ ቅዠት መመለስ ተገቢ አይመስለንም።

አሁን ለነጋዴዎች ጥቂት እንበል። አንደኛ፥ የጠርሙሱ ብርታት በግልጽ መጻፉን ሳያረጋግጡ አያስመጡ። ጥንቁቆቹ መመሪያዎች ሊዶካይን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊግራም እንዳያልፍ ያዝዛሉ፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 150 ሚሊግራም ማለት ነው። ከመቶ 1 በሆነው ይህ 15 ሲሲ ሲሆን፥ ከመቶ 2 በሆነው ግን ሰባት ተኩል ሲሲ ብቻ ነው። ጽሑፉ የተፋቀ ጠርሙስ ስለዚህ መጠኑን በእጥፍ ያሳስታል፤ ምልክቱም ከንፈር ሲነዝራት፥ አፏ ብረት ብረት ሲላት፥ ጆሮዋ ሲጮኽ፥ በመጨረሻም ስትንቀጠቀጥ ይታያል። ሁለተኛ፥ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ሊዶካይን ሙቀት አይወድም። በርበራ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣ አገር ነው፤ ቀድሞ የእንግሊዝ ባለ ሥልጣኖች እንኳ ወደ ሼኽ ተራራ ይሸሹ ነበር። ሰው የሚሸሸውን ሙቀት መድኃኒቱ በብረት ሣጥን ውስጥ ለሳምንታት ቢቀበለው ምን ይቀረዋል? ንጹሑ ሊዶካይን ሙቀትን የተሻለ ይታገሣልና፥ ለዚህ ሥራ እርሱን ማስመጣት ይበልጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። በ2022 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ደም ለማቆም የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ ከማደንዘዣው ብልቃጥ ጋር ስለሚመሳሰል፥ በስሕተት በጀርባ አጥንት ውስጥ እየተወጋ ሰው መግደሉን አስታወቀ። ሁለቱም በማዋለጃ ክፍል የሚኖሩ ናቸው። አስመጪው ቅርጻቸው የተለያየውን ቢመርጥ፥ ባለ መጋዘኑም በተለያየ መደርደሪያ ቢያኖራቸው ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ከአወዳይ የሚነሣው ጫት ሳይጠወልግ እንዲደርስ በየቀኑ ድንበሩን እንደ ነፋስ ያልፋል፤ የመድኃኒት ሣጥን ደግሞ በፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይታያል። ይህን ያልነው ነጋዴን ለመንቀፍ አይደለም፤ ፈጥኖ ማድረስ እንደሚችል በጫቱ ስላስመሰከረ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን የጠርሙሱ ሁለተኛ ፊት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት፥ እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ላይ ወደ 52 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች የተገረዙት በጤና ባለሞያዎች እጅ ነው፤ ከአራቱ አንዷ ማለት ነው። ወላጆች ሕመሙን ሲፈሩ፥ ልማዱን ከመተው ይልቅ ነርስ ይጠራሉ፤ ነርሷም ሊዶካይን ወግታ ንጹሕ ምላጭ ትይዛለች። ልጂቱ አልጮኸችም፥ ደም አልፈሰሳትም፥ ስለዚህ ነገሩ መልካም ሆነ ይባላል። የተቈረጠው ግን ያው ነው። በሶማሌላንድ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር በየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. ባወጣው ፈትዋ፥ መቁረጥና መስፋት ያለበትን የፈርዖን ግርዛት ከሃይማኖት ውጭ ነው ብሎ ከለከለ፤ ለተጐዳችውም ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሱና የሚባለውን ቀለል ያለ ዐይነት ግን በግልጽ ስላልነካው፥ ማደንዘዣ የያዘው ባለሞያ የሚገባበት በር ክፍት ቀረ። በኢትዮጵያ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 መግረዝን፥ በአንቀጽ 566 መስፋትን ለይቶ ስለሚቀጣ፥ ቢያንስ በጽሑፉ እንዲህ ያለ በር የለውም። በኬንያ ደግሞ አዋቂ ሴት ፈቅዳ በሐኪም እጅ ትገረዝ የሚል አቤቱታ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ፥ በ2021 ዓ.ም. ተቀባይነት አላገኘም።

ሌላም አለ። ሴቲቱ ስፌቷ ተከፍቶ ከወለደች በኋላ፥ ቤተ ሰቡ መልሳችሁ ስፉአት የሚል ጥያቄ ያቀርባል። የሥፍራው ማደንዘዣ ገና አልለቀቃትም፤ መርፌውና ክሩ በሣሕኑ ላይ ናቸው፤ የደከመች አዋላጅ ደግሞ እሺ ብላ ከመሥራት ይልቅ እንቢ ብላ መጣላት ይከብዳታል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን መልሶ መስፋት ባለሞያ እንዳያደርገው ይከለክላል። እኛም የምንለው፥ ክልከላው በግድግዳ ላይ በሶማሊኛ ተጽፎ ቢሰቀል፥ አዋላጂቱ በራሷ አፍ እንቢ ከምትል ጣቷን ወደ ግድግዳው ብትቀስር ይቀላታል።

ስለዚህ አስተዳደሩ ሊቈጣጠር የሚገባው ጠርሙሱን አይደለም። ጠርሙሱን ቢያጠብቅ፥ የጥርስ ሐኪሙም፥ ቍስል የሚሰፋው ነርስም፥ ስፌት የምትከፍተው አዋላጅም አብረው ያጣሉ፤ ገራዧ ግን ከጥቍር ገበያ ታገኛለች። መቈጣጠር የሚገባው እጁንና ምክንያቱን ነው። ለባለሞያዎች ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚሽን፥ በማደንዘዣ ልጅ ገርዞ የተገኘን ሰው ፈቃዱን እንደሚያጣ አስቀድሞ ቢያስታውቅ፥ ይህ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሠራል፤ ፈቃድ እንጀራ ነውና። በጤና ጣቢያውም አንድ መዝገብ ይኑር፤ የሴቲቱ ዕድሜ፥ የተደረገላት ሥራ፥ የተሰጠው መድኃኒትና መጠን፥ የጠባቂው ስም ይጻፍበት። ከሊዶካይኑ ወጪ ጋር ሲተያይ፥ ማን ለምን እንደ ተጠቀመበት ከአንድ ሩብ ዓመት በላይ ሊሰወር አይችልም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው የሚለውም ሳይነሣ አይቀርም። በሶማሌላንድ በምጥ የተያዘች ሴት ሆዷ እንዲከፈት የሚፈርመው ብዙ ጊዜ ባል ወይም የሥጋ ዘመድ የሆነ ወንድ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ እርሱ በበርበራ ወይም በውጭ አገር ካለ፥ ስልክ እስኪነሣ ሰዓቱ ያልፋል። በሥፍራ ማደንዘዣ የምትታከመው ሴት ግን ነቅታ ያለች ናት። ይበቃኛል ብትል ትሰማለች፤ ቀጥሉ ብትልም ትሰማለች። ለብዙዎቹ ስለ ገዛ አካላቸው አንድ ሰው ጠይቋቸው ቆሞ መልሳቸውን ሲጠብቅ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ማረጋጊያው በዝቶ ይህን አፍ እንዳይዘጋው መጠንቀቅም የጠባቂው ሥራ ነው፤ ፈቃዷም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት፥ ጤነኛ ዐይኗ እያየ ይጠየቅ።

የቀረው የበጀት ነገር ነው። በመሐመድ ሞጌ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ቢመድብ፥ ስለቱን ለምትይዘው አዋላጅ ደመወዝ አስቀድሞ ተይዞላታል። በመዝገቡ ላይ አዲስ የሚሆነው ለሁለተኛይቱ፥ ለምትጠብቀው ነርስ የሚከፈለው ነው። የገንዘብ ሹም ወረቀቱ ሲቀርብለት፥ ይህች ነርስ ቆማ ከማየት በቀር ምን ትሠራለች ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከዛሬ ጀምሮ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ የጤና ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ያ መሥመር ከበጀቱ የተሰረዘ እንደ ሆነ፥ ማረጋጊያውም ከመድኃኒት ማዘዣው ዝርዝር አብሮ ይሰረዝ።